«ወንበር አምጪና ቁጭ በይ»

ጥር 6

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤ በሰላምታ ይጀመራል ብለው አስተምረውናል፤ እንደምን ከርመዋል? ጤናዎ፣ ሥራዎ፣ የዚያ አገር ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ደህና ነን ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል፤ ደህና አይደለንም ብዬ ብጀምር ደግሞ አስደነግጥዎታለሁ። ስለዚህ ፈጣሪ እርስዎን በጤና ያቆይልን ብዬ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እኔ የታናሽ እህትዎ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። እርስዎ ሲሄዱ አራት ዓመቴ ነበር። «ሱቅ ደርሼ፣ ብስኩት ገዝቼልህ ልምጣ» ብለውኝ እንደወጡ እናቴ አጫውታኛለች። አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶኛል፤ ብስኩቱ ገና መንገድ ላይ ነው። ቀልዴን ነው፣ አይቀየሙኝ።

የታናሽ ወንድሜን ነገር እናቴ በስልክ ነግራዎታለች። ስድስት ዓመቱ ነበር። «አለቃ» የምንለው ቤቱን ሁሉ ስለሚያዝ ነው። አባታችን የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት መንገድ ላይ ይከርማል፤ ሲመጣ አለቃ በሩ ላይ ቆሞ «መጀመሪያ ጫማህን አውልቅ፣ እጅህን ታጠብ፣ ከዚያ አቅፈኝ» ይለው ነበር። ኅዳር ላይ በሳንባ ምች ሆስፒታል ገባ፤ በአራተኛው ቀን አረፈ። ስለዚያ ቀን ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ።

አሁን የጻፍኩት ስለ ትንሿ እህቴ ነው። ሚጢጢ አራት ዓመቷ ነው። ትኩሳቱ እየተመላለሰባት ወስደናት በአልትራሳውንድ ሲያዩዋት ከአንዱ ኩላሊቷ ሽንት የሚያወርደው ቱቦ ጠቧል አሉ። ሐኪሙ «ግንቦት ሳያልቅ ኦፕራሲዮን መሆን አለባት፤ ካለፈ ኩላሊቷ ይጎዳል» አለ። ሆስፒታሉ ያው ነው፤ ክፍሉም ያው። እናቴ የሰጧትን ወረቀት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቤት ስንገባ «በዚያ በር ሁለተኛ ልጅ አላስገባም» አለች። አለቀ። አባቴ ሊያግባባት ሞከረና መልሶ መኪናው ውስጥ ገባ።

ሌላም ነገር አለ። ሚጢጢ አለቃ መሞቱን አታውቅም። ሆስፒታል የተኛ ነው የሚመስላት። «እኔም ስገባ ከአለቃ ጋር ነው የምተኛው» እያለች አሻንጉሊቶቿን ለሁለት ትከፍላለች። እናቴ ይህን ስትሰማ ወደ ኩሽና ትገባለች፤ ቧንቧውን ትከፍተዋለች።

እርስዎ የሕፃናት ነርስ ነዎት። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ኦፕራሲዮኑ ቢቀር ምን ትሆናለች? ስልኩ እናቴ እጅ ስለሚውል መልሱን በትምህርት ቤታችን ፖስታ ሣጥን ይላኩልኝ። የጻፍኩልዎትን ለእናቴ አይንገሯት።

አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ


ጥር 29

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለማልረሳህ፣

እደግ፣ ተመንደግ። ደብዳቤህን ከሥራ ስገባ በሩ ሥር ወድቆ አገኘሁት፤ ጫማዬን ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኩት። አለቃ ቢያየኝ ይቆጣኝ ነበር።

በመጀመሪያ «እርስዎ» የሚሉት ነገር ይቅር። አንቺ በለኝ። ፊትህን አጥቤ ያሳደግኩህ ልጅ ነህ። ብስኩቱንም አልረሳሁትም።

እውነቱን ንገሪኝ ብለሃል። እኔ ልጅቷን አላየኋትም፤ ያያት ሐኪም ግን ልክ ነው ያለው። ሽንት መውረጃ ሲያጣ ኩላሊቱ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኩላሊቱም ቀስ በቀስ ይደክማል። ትኩሳቱም ከዚያው ነው የሚመጣው። የተለመደ ኦፕራሲዮን ነው፤ ልጆች በሳምንት ውስጥ ቤታቸው ይገባሉ። ቀኑ እንዳያልፍ።

እናትህን ግን አትፍረድባት። እኔ በምሠራበት ክፍል በእያንዳንዱ ሕፃን አልጋ አጠገብ ታጣፊ ወንበር አለ፤ ሲዘረጋ መኝታ ይሆናል። እናት፣ አባት ወይም አያት እዚያ ይተኛል። ጠያቂ አንላቸውም። ጠያቂዎቹ እኛ ነን፤ ልጁ የእነሱ ነው። ልጁ ሲገባ ቤተሰቡ አንድ ወረቀት ይሞላል፤ ከላይ «ስለ እኔ» ይላል። ልጁ ምን ተብሎ ይጠራል፣ ሲፈራ ምን ያደርጋል፣ መድኃኒት እንዴት ይወስዳል፣ ሁሉም እዚያ አለ። አልጋው ራስጌ ይሰቀላል። እናትህ ይህን አይታ ቢሆን ኖሮ በሩን አትፈራውም ነበር።

ሚጢጢም ከመግባቷ በፊት እውነቱን ትስማ። «ሄደ» ወይም «ተኛ» አይባልም። «ሞተ፣ አይመለስም፣ የአንቺ ጥፋት አይደለም፣ አንቺ ያመመሽ ሌላ ነው» ይባላል። ከባድ ነው፤ ግን እዚያ ገብታ አልጋ ላልጋ እየዞረች ከምትፈልገው ይሻላል።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። በደብዳቤህ ያንን ቀን ዘለልከው። ሲመችህ ጻፍልኝ። ደግሞ የሕፃናት ክፍሉ በር አሁንም አረንጓዴ ነው?

አክስትህ


የካቲት 18

ለምወድሽ አክስቴ፣

ጤናሽ ይብዛልኝ። የትምህርት ቤቱ ፀሐፊ ደብዳቤሽን ስትሰጠኝ «ፍቅረኛህ ውጭ አገር ናት እንዴ? ቴምብሩ ያምራል» ብላ በሰው ፊት አሳቀችብኝ። አክስቴ ናት ስላት «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» አለችኝ።

ቀኑን ልጻፍልሽ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለእናቴም።

የጥየቃ ሰዓት ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ነበር። እናቴ ጠዋት ደጅ ስትጠና ውላ ወደ ሚጢጢ ተመልሳለች፤ ከሰዓት በኋላው የእኔ ተራ ነበር። አለቃ ግሉኮስ ተተክሎለት ተኝቷል። ያን ቀን አላዘዘኝም። ትራሱን አስተካክል አላለ፣ ቦርሳህን ከአልጋዬ ላይ አንሳ አላለ፣ ዝም ብሎ ያየኛል። ለነርሷ «ሲስተር፣ ወንድሜ ዛሬ አላዘዘም» አልኳት። «ጎሽ፣ አርፏል ማለት ነው» ብላኝ አለፈች። ሠላሳ ሁለት ልጆች ላይ ሁለት ነርሶች ነበሩ፤ ቆማ ለመስማት ጊዜ አልነበራትም። እዚያ ልጅ ያስተኙ ሰዎች ይህችን ነርስ በድምፅዋ «መብረቅ» ይሏታል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው በሩን በዱላ መታ። መብረቅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እየሄድኩ ነው ካልከው ያለቅሳል፤ ሲያለቅስ ትንፋሽ ያጥረዋል። ውሃ ላምጣ በለውና ሹልክ በል» አለችኝ። እንዳለችኝ አደረግኩ። እንዲያምነኝ የላስቲክ ኩባያውን ይዤ ወጣሁ። «ውሃ አምጥቼ መጣሁ» አልኩት። በዓይኑ እስከ በሩ ሸኘኝ።

በሞቱ ወረቀት ላይ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ይላል። በዚያ ሰዓት እኔ ከግቢው በር ፊት ለፊት ታክሲ እጠብቅ ነበር። ኩባያውን ይዤ። አሁንም የደብተር ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ብቆይ ኖሮ ይተርፍ ነበር?

ሌላም ነገር አለ። ክፍሉ አዲስ ዋና ነርስ መጥታለታለች። ሚጢጢን ለምርመራ ስንወስዳት እናቴ በሩ ላይ ቆማ አልገባም ስትል አየቻት። መጥታ አጠገቧ ቆመች። ለእኔ ግን «ነርሶቹን ሰብስቤ ስለ ቤተሰብ መነጋገር እፈልጋለሁ፤ መጥተህ የደረሰባችሁን ትነግራቸዋለህ?» አለችኝ። ስብሰባው ሚያዝያ 20 ነው። እኔን ማን ይሰማኛል? ለእሷ ደብዳቤ ጻፊላት፤ አንቺን ይሰሙሻል።

በሩ አዎ አረንጓዴ ነው፤ ግን አንቺ በምን አወቅሽ?

የእህትሽ ልጅ


መጋቢት 20

ይድረስ ለአክስቴ፣

እንደምን አሉ? ደብዳቤው መንገድ ላይ ቆይቶ ነው እንጂ እርስዎ አልዘገዩም እያልኩ ራሴን ሳታልል ሰነበትኩ። ፀሐፊዋ እንኳ መቀለዷን ትታ «ይመጣል፣ አይዞህ» ማለት ጀምራለች።

ሚጢጢ ትኩሳቷ ተመልሶ ነበር። ሦስት ቀን መርፌ ተወጋች። ኦፕራሲዮኑ ግንቦት 5፣ ማክሰኞ ነው አሉን። እናቴ «እናስብበታለን» አለቻቸው፤ እናቴ «እናስብበታለን» ካለች እንቢ ማለቷ ነው።

መርፌ በምትወጋበት ቀን በአረንጓዴው በር ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጫለሁ። በሩ ላይ በሰማያዊ ቀለም በእጅ የተጻፈ ካርቶን ተለጥፏል፤ ላዩ በፕላስቲክ ተሸፍኗል። «ከ11 ሰዓት በኋላ በሕፃናት ክፍል መቆየት ክልክል ነው» ይላል። ጽሑፉ በጣም ያምራል። የ«ሕ» መካከለኛ እግሯ ከሌሎቹ ወርዳ እንደ መንጠቆ ትታጠፋለች። እንደዚህች ያለች «ሕ» የት ነው ያየሁት ብዬ አሰብኩ። ከቦርሳዬ የእርስዎን ደብዳቤ አወጣሁ። «ሕፃናት» የሚለውን ፈልጌ ከበሩ ጋር አስተያየሁት።

ለዋና ነርሷ እንዲጽፉላት ጠይቄዎት ነበር። አይጻፉላት። ለእኔም ካልፈለጉ አይጻፉልኝ። ከመሄድዎ በፊት በየትኛው ክፍል እንደሠሩ ማንም አልነገረኝም ነበር።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 3

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታዬን ብትቀበለውም ባትቀበለውም፣ ቤታችሁን ሰላም ያድርግልኝ።

አዎ፣ የእኔ ጽሑፍ ነው። የየካቲቱ ደብዳቤህ ሲደርሰኝ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስቴም ቀደድኩት። «በሩ አረንጓዴ ነው?» ብዬ ስጠይቅህ ካርቶኑ አለ ወይ ማለቴ ነበር፤ አፍ አውጥቼ መጠየቅ ፈራሁ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሠላሳ ስምንት ልጆችን ይዤ ብቻዬን የዋልኩባቸው ቀኖች አሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤተሰብ ሲወጣ ሁሉም በአንድ ድምፅ ያለቅሳሉ፤ የአንዱን መርፌ ስነቅል ሌላው ግሉኮሱን ይነቅላል። ቤተሰብ ሹልክ ብሎ ከወጣ ግን ልጆቹ አንድ በአንድ ነው ነገሩ የሚገባቸው፤ ለቅሶውም ተራ በተራ ይመጣል። ተራ በተራ ሲሆን ይቻላል። ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ እንደ ትልቅ ዘዴ ለአዲስ ነርሶች አስተማርኩት። መብረቅ ያልካት ሴት ያኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበረች፤ ድምፅዋ እንኳ አይሰማም ነበር። አስተማሪዋ እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ብትቆይ ይተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። በግማሽ ሰዓት የሄደ ልጅ ምናልባት አይተርፍም ነበር። ግን ላጽናናህ ብዬ አልዋሽህም፦ «ዛሬ አላዘዘም» ያልከው ቴርሞሜትር የማይነግረው ወሬ ነበር። እዚህ እናት «ልጄ ዛሬ ልክ አይደለም» ካለች ሐኪም ይጠራል፤ ማስረጃ አምጪ አትባልም። አንተ አይተሃል፤ ተናግረሃልም። የአንተ ድርሻ እዚያ ላይ አበቃ። መስማት የእነሱ ነበር፤ እንዲሰሙ ጊዜ የሰጣቸውም፣ ያስተማራቸውም የለም። እኔ ያስተማርኳቸው ሌላ ነው።

ስብሰባው ላይ ሂድ። ግን ለመክሰስ ከሄድክ ጆሯቸውን ይዘጋሉ። ነርስ ስትደክም ደንብ ጀርባ ትደበቃለች፤ ከራሴ አውቀዋለሁ። የሆነውን ንገራቸው፤ ቀጥለህ «አንድ ወንበር ለማስገባት ምን ቢሟላላችሁ ነው?» ብለህ ጠይቅ። ያላሰቡት ጥያቄ ነው። ከዚህ ጋር ሁለት ገጽ ልኬልሃለሁ፦ የ«ስለ እኔ» ወረቀት፣ እና አልጋ አጠገብ ያለ ወላጅ ነርሷን የሚያግዝባቸው ሥራዎች። ነርሶቹ በሳምንት አንዴ ሩብ ሰዓት ተቀምጠው የከበዳቸውን እንዲነጋገሩም ጽፌያለሁ። ያንን ለእኔ ያደረገልኝ ሰው ቢኖር ካርቶኑን አልጽፍም ነበር።

የታሸገው ፖስታ የእናትህ ነው፤ የካርቶኑን ነገር ለእሷም ጽፌላታለሁ። ሳትከፍተው ስጣት።

አክስትህ


ሚያዝያ 22

ይድረስ ለአክስቴ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን። «እርስዎ» ልል ነበር፤ እስክሪብቶዬ እንቢ አለኝ።

ስብሰባው ትናንትና ከትናንት ወዲያ መካከል የሆነ ይመስለኛል፤ እንቅልፍ ስላልወሰደኝ ቀኑ ተምታታብኝ። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ነበር፣ ሌላ ባዶ ቦታ ስለሌለ። ዘጠኝ ነርሶች በታጠፉ አንሶላዎች መካከል ተቀመጡ። ዘበኛው በር ላይ ቆመ።

ዋና ነርሷ ያንቺን ገጽ አነበበችላቸው። ጫጫታው ወዲያው ተነሳ።

«ወንበሩ የት ይገባል? እኔ ራሴ በአልጋዎቹ መሐል በጎኔ ነው የማልፈው።»

«እናት ትቆይ ስንል አባትየው ይመጣል፤ ቀጥሎ አጎት ይመጣል፤ ቀጥሎ የአጎት ጎረቤት ይመጣል!»

«እሱ ካንኮራፋ ደግሞ ማን ይቀሰቅሰዋል?»

«እኔ» አለ ዘበኛው፣ ዱላውን እያሳየ። ሁሉም ሳቁ። መብረቅ ብቻ አልሳቀችም።

ከዚያ ተራዬ ደረሰ። ኩባያውን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ነገርኳቸው። ሹልክ በል ያለችኝ ማን እንደሆነች አልተናገርኩም። 

ስጨርስ መብረቅ ተነሳች። «እኔ ነኝ ያልኩህ» አለች። ድምፅዋ መብረቅ አልነበረም። «ይህን ኩባያ አውቀዋለሁ። ከወጣህ በኋላ ውሃው የታለ ብሎ ጠየቀኝ። እየመጣ ነው አልኩት። ልሄድ ስል ‹ወንበር አምጪና ቁጭ በይ› አለኝ። ወንበር የለም፣ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ። መርፌ የሚጠብቁ አሥራ አንድ ልጆች ነበሩ። ትንፋሹ ሲለወጥ ሐኪሙን አስጠራሁ፤ መጣ፣ የሚቻለውን አደረገ። እኔ እጁን አልለቀቅኩም። አንተ ስትመለስ ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ለቤተሰብ የሚናገረው ሐኪም ብቻ ነው፣ ደንቡ ነው። እናትህ በኮሪደሩ ስታልፍ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ክፍል ገብቼ ተደብቄያለሁ።»

አክስቴ፣ አዟል። አምስት ወር ሙሉ ዝም ብሎ የሞተ ነበር የሚመስለኝ። እያዘዘ ነው የሞተው።

ከዚያ ጥያቄሽን ጠየቅኩ። ሁሉም መልስ ነበራቸው። የሽንት ልክ የሚጽፍ ሰው ቢያግዘን። ደንቡ በጽሑፍ ቢለወጥልን፣ አለዚያ ነገ እኛ ነን የምንጠየቀው። ከክፉ ቀን በኋላ አሥር ደቂቃ የምናለቅስበት ቦታ ቢሰጠን። ዋና ነርሷ ሁሉንም ጻፈች። በመጨረሻ «በአንድ አልጋ እንሞክር» አለች፤ የሚጢጢ አልጋ።

ፖስታውን ለእናቴ ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው። «እሷም እኮ ሱቅ ደርሼ ልምጣ ብላ ነው የሄደችው» አለች። «አንተ ብስኩቱን ስትጠብቅ ሦስት ቀን ከቤታችን በር አልነሳ አልክ። ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኩህም።» ከዚያ መብረቅ ያለችውን ነገርኳት። ቧንቧውን አልከፈተችም፤ እዚያው ፊቴ አለቀሰች። ሲቀልላት ግን «ወንበሩን በዓይኔ ካላየሁ አላምንም» አለች። ሆስፒታሉ ወንበር የለውም። አሥራ ሦስት ቀን ቀርቷል። አባቴ ከመንገድ አልተመለሰም።

የእህትሽ ልጅ


ግንቦት 1

ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምታ ባጭሩ፦ እወድሃለሁ። ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ። ይህ ሳይደርስህ ግንቦት 5 ያልፋል፤ እያወቅኩ ነው የምጽፈው፣ ዝም ብዬ መቀመጥ ስላልቻልኩ።

መብረቅን ያን ቀን ያስቀመጣት ደንብ አልነበረም። እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ ያወቅኩትን እሷ በባልዲ ላይ ተቀምጣ አወቀችው። ይህን ንገርልኝ።

የሆነው ሁሉ ከሆነ በኋላ ታነበዋለህና አንድ ነገር ብቻ፦ ከሚጢጢ ስትለይ ተሰናበታት። መቼ እንደምትመለስ ሰዓቱን ንገራት፣ በዚያ ሰዓትም ተገኝ። ታለቅሳለች። ይሁን።

ለእናትህ ልደውልላት ስልኩን አነሳሁና አስቀመጥኩት። ታነሳዋለች?

አክስትህ


ግንቦት 8

ለአክስቴ፣ ለብስኩት ባለዕዳዬ፣

ሰላምታዬ በሚጢጢ ትእዛዝ ነው፤ «በመጀመሪያ ደህና ነኝ ብለህ ጻፍ» አለችኝ። ደህና ናት። አሁን አልጋዋ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው።

አባቴ ግንቦት 3 ገባ። የወንበሩን ነገር ስነግረው ወደ መኪናው ተመለሰና ከጋቢናው ታጣፊ አልጋውን አወረደው። አሥር ዓመት የተኛበት ነው፤ የናፍጣ ሽታ አለው። ዋና ነርሷ ሁለቴ በመድኃኒት አሳጠበችው። እናቴ ወደ ክፍሉ ገብታ ተቀመጠችበት፣ ተነሳች፣ እንደገና ተቀመጠችበት። «እሺ» አለች።

ለሚጢጢ የነገረቻት እናቴ ናት፤ ሰኞ፣ ስንመጣ ታክሲ ውስጥ። አንቺ እንዳልሽው፣ «ሞተ» ብላ። ሹፌሩ ሬዲዮኑን አጠፋ። ሚጢጢ ብዙ አሰበችና «ታዲያ አሁን አለቃ ማነው?» አለች። «አንቺ» አላት አባቴ። ቀጥሎ ነው ያለቀሰችው፤ እኛም።

በማግስቱ እናቴ እስከ ማደንዘዣው ክፍል እጇን ይዛ ገባች፤ ስትነቃም ያየችው የእናቴን ፊት ነው። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ኮሪደሩ ላይ የተሰነጠቁ የወለል ሸክላዎች አርባ አንድ ናቸው፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሐኪሙ ወጥቶ ጭምብሉን ከማውረዱ በፊት በዓይኑ ሳቀ። ያንን ዓይን አልረሳውም።

ራስጌዋ ላይ ወረቀቷ ተሰቅሏል። የጻፍነው አብረን ነው፦

«ሚጢጢ እባላለሁ። መድኃኒት ስጠጣ እስከ ሦስት ቁጠሩልኝ፤ አራት ካላችሁ እናደዳለሁ። ውሃ የምጠጣው በወንድሜ ኩባያ ነው። ዝም ካልኩ አሞኛል ማለት ነው፤ ጨዋ ሆኜ አይደለም።»

የመጨረሻዋን መስመር መብረቅ አንብባ በጣቷ ነካቻት። ያልሽኝን ነገርኳት። ስምሽን ስትሰማ «ያቺ ጽሕፈቷ የሚያምረው?» ብቻ አለች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የሽንቱን ልክ የምትጽፈው እናቴ ናት። አንዲት አጭር ነርስ «በዚህ ክፍል ሻይ በትኩሱ ስጠጣ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ ብርጭቆዋን ለሁሉም እያዞረች አሳየች። ግን ትናንት ሌላ እናት «ለእኔስ?» ብላ ጮኸች፤ ወንበሩ አንድ ነው። ዋና ነርሷ ከሆስፒታሉ ኃላፊ ጋር ስትከራከር ዋለች። ነገሩ ገና ነው።

ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዘበኛው በሩን መታ።  «ሚጢጢ፣ ልሄድ ነው» አልኳት። «እማዬ እዚህ ናት። እኔ ነገ ከትምህርት ቤት ስወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ።» አፏን ከፍታ አለቀሰች። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። እግሬ ሹልክ ማለት አማረው፤ እውነቴን ነው። መብረቅ ከሌላው ጥግ «ታልቅስ! መብቷ ነው! አንተ ቁም!» አለች፤ መብረቅ ሆና። ቆምኩ። ሚጢጢ ስትጨርስ አፍንጫዋን ጠርጋ «እስከ ሦስት ቆጥረህ ሂድ» ብላ አዘዘችኝ። ቆጥሬ ሄድኩ። ዛሬ ለዘጠኝ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ ደረስኩ፤ ከትምህርት ቤት ሮጬ።

እናቴ ስልኩን ታነሳለች። ትደውል በላት አላለችኝም፤ ግን ቻርጅ አድርጋ ራስጌዋ አስቀምጣዋለች።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ የመጨረሻው ነው። ካርቶኑ ወርዷል። በሩ ላይ አራት ማዕዘን ደማቅ አረንጓዴ ቀርቷል፣ ፀሐይ ያላየው። ዋና ነርሷ አዲስ ማስታወቂያ ያስፈልጋል አለች፤ የነርሶቹ ጽሕፈት ግን የመድኃኒት ማዘዣ ይመስላል፣ ማንም አያነበውም። አንቺ ጻፊልንና በፖስታ ላኪው። በሰማያዊ ቀለም፣ ያቺ «ሕ» መንጠቆዋን እንደያዘች። ቃሉን ነርሶቹ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀው ነው የተስማሙበት፤ ሁለተኛውን መስመር ያመጣችው መብረቅ ናት።

«በሕፃናት ክፍል ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የራሱ ሰው መቆየት ይችላል።
ሳይሰናበቱ መውጣት ክልክል ነው።»

የእህትሽ ልጅ